የሚዘገየው የትምህርት ቤት ደወል፦ ደቂቃዎቹ የጠፉት ሜኑ ውስጥ ነበር

ዳራ

ጉዳዩ የአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አውቶማቲክ ደወል ነው። ትምህርት ቤቱ በሁለት ፈረቃ ያስተምራል፤ በጠዋትና በከሰዓት። ድሮ ደወሉን የሚደውሉት የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ በየ40 ደቂቃው ማብሪያውን ይጫናሉ። በር ላይ ሰው ሲበዛባቸው ክፍለ ጊዜው ያልፋል። ተማሪው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ መምህሩም ክፍል ውስጥ ይጠብቃል።

ይህን ያዩ ሁለት ወጣት የኤሌክትሮኒክስ ተመራቂዎች አንድ ሳጥን ሠርተው ገጠሙ። ሳጥኑ ውስጥ አርዱዪኖ ቦርድ አለ፤ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ዲኤስ1307 የሚባል የሰዓት ቺፕ፣ ባለሁለት መስመር ኤልሲዲ ስክሪን፣ አራት ቁልፎች እና ደወሉን የሚያበራ ሪሌም አሉ። ቺፑ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም መቁጠሩን አያቆምም። መብራት ሲመጣ ቦርዱ ሰዓቱን ከቺፑ ጠይቆ ሥራውን ይቀጥላል።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የሽቦ ሥራውም ንጹሕ ነው። ግን ብዙም ሳይቆይ ቅሬታ መጣ። ልጆቹ ሶፍትዌሩን አብሬያቸው እንዳይ የጠየቁኝ ያኔ ነው። እንዲህ ዓይነት ሳጥን ዛሬ በየቦታው ይሠራል፤ ለውኃ ፓምፕ፣ ለዶሮ ቤት መብራት፣ ለዳቦ ምድጃ። ሁሉም ሰዓት ይቆጥራሉ፤ ሁሉም ሜኑ አላቸው። ስለዚህ ያየነውን በዝርዝር መጻፉ ለሌላው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የቀረቡት ቅሬታዎች

አንደኛው ደወሉ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ሦስትና አራት ደቂቃ ይዘገያል። አንዳንድ ሳምንት ግን ምንም አይዘገይም።

ሁለተኛው፣ አንድ ቀን ጠዋት ደወሉ ጭራሽ አልጮኸም። በዋዜማው ሰዓቱ ተስተካክሎ ነበር።

ሦስተኛው የዓርብ ፕሮግራም ሐሙስ ቀን መምጣቱ ነው። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሲባል የጠዋቱ ፈረቃ ቀደም ብሎ ይለቃል፤ ክፍለ ጊዜዎቹም ያጥራሉ። ሐሙስ ዕለት ደወሉ በዓርብ ልክ ጮኸና ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተደናገረ።

ከነዚህ ሁሉ በላይ ግን ርዕሰ መምህሯ የተናገሩት ከበደኝ። «ሳጥኑን የሚያምነው ሰው የለም፤ ሁሉም ወደ ስልኩ ያያል» አሉ። ደወል ካልታመነ ደወል አይደለም።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ

ሁሉም ሰው ቺፑን ጠረጠረ። ጥርጣሬው ምክንያት አለው። ዲኤስ1307 የሚቆጥረው ከውጭ በሚገጠም ክሪስታል ነው። ክሪስታሉ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሙቀት ሲለዋወጥ ፍጥነቱ ትንሽ ይዛነፋል። ሳጥኑ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው ያለው። ልጆቹ እኔ ከመምጣቴ በፊት ቺፑን አውጥተው ዲኤስ3231 ገጠሙ። ይህኛው የሙቀቱን መዛነፍ ራሱ ለክቶ ያርማል። ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ስህተቱ ከሚሊዮን 2 ነው፤ በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ።

ደወሉ መዘግየቱን ቀጠለ።

እዚህ ላይ ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራን። ተራ ክሪስታል ከሚሊዮን 20 ቢሳሳት በቀን 1.7 ሰከንድ ነው። በሳምንት 12 ሰከንድ ይሆናል። ሳጥኑ ግን በሳምንት አራት ደቂቃ ያጣል፤ ማለትም 240 ሰከንድ። ልዩነቱ ሃያ እጥፍ ነው። ይህን ያህል የሚሳሳት ክሪስታል በየሳምንቱ ይሳሳታል እንጂ አንዱን ሳምንት አርፎ ሌላውን አይመጣም። ሒሳቡ ቀድሞ ቢሠራ ኖሮ ቺፕ መቀየር አያስፈልግም ነበር። ሆኖም አዲሱን ቺፕ አላወጣነውም፤ ዋጋው ብዙ አይለይም፤ ሰዓት አያያዙም ይሻላል።

ስለ ቺፑ ካነሣሁ አንድ የጥንቃቄ ነገር ልጨምር። በገበያ በብዛት የሚገኘው የዲኤስ3231 ሞጁል ላይ ባትሪ የሚሞላ መስመር አለ። መስመሩ የተሠራው ለሚሞላ ባትሪ ነው። ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የማይሞላውን ሲአር2032 ያስገባበታል። በ5 ቮልት ሲሠራ የማይሞላውን ባትሪ በግድ ይሞላል፤ ባትሪው ያብጣል፤ ሊፈነዳም ይችላል። እኛ ወደ ባትሪው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን ዳዮድ በብየዳ ብረት አነሣነው። ሞጁሉን የምትጠቀሙ ሁሉ ይህን ሳታዩ አትለፉ።

ፍንጩ የመጣው ከጥበቃው ነው

ሳጥኑን በየቀኑ የሚነኩት እሳቸው ናቸው። እኛ ኮዱ ላይ ተደፍተን ሳለ አጠገባችን ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ እኔ የማውቀውን ልንገርህ?» አሉኝ። «ዝም ብዬ ስተወው ደህና ነው። ከፍቼ ያየሁት ቀን ነው ወደ ኋላ የሚቀረው።»

«ምን ሊያዩ ነው የሚከፍቱት፣ ጋሼ?»

«ቀጣዩ ደወል መቼ እንደሆነ ላይ ነዋ።»

ወዲያው ሞከርነው። የሳጥኑን ሰዓት ከስልክ ጋር አስተያየን፤ እኩል ናቸው። ሜኑውን ከፈትን። ምንም ሳንነካ ሦስት ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ «ተመለስ» የሚለውን ተጭነን ወጣን። የሳጥኑ ሰዓት ከስልኩ ልክ ሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ኮዱ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ሜኑ ሲከፈት ፕሮግራሙ ያኔ ያለውን ሰዓት ከቺፑ አንብቦ ሜሞሪ ውስጥ ይገለብጣል፤ ተጠቃሚው ሊያስተካክለው ይችላል በሚል። ሜኑ ሲዘጋ «ሁሉንም አስቀምጥ» የሚል አንድ ተግባር ይጠራል። ይህ ተግባር የደወል ሰሌዳውንም፣ የድምፁን ርዝመትም፣ ሰዓቱንም አንድ ላይ ይጽፋል። ሰዓቱ ተነካ አልተነካ አይጠይቅም። በ2፡10 ተከፍቶ በ2፡13 የተዘጋ ሜኑ ቺፑን «ሰዓቱ 2፡10 ነው» ይለዋል። ቺፑ የታዘዘውን ይቀበላል። ሦስት ደቂቃ እዚያው ቀለጠ።

አንዳንድ ሳምንት ለምን እንደማይዘገይም ግልጽ ሆነ። በዓል በበዛበትና በሴሚስተር ዕረፍት ሳምንት ሳጥኑን የሚከፍት ሰው የለም።

ለእኔ የዚህ ጉዳይ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ስህተቱ በሰዓት ኮዱ ውስጥ አልነበረም፤ በሜኑ ኮዱም ብቻ አልነበረም። ጥበቃው ሜኑ የሚከፍቱት የሚፈልጉት ነገር ዋናው ስክሪን ላይ ስለሌለ ነው። የሜኑው አቀማመጥ ሰውየውን አስገደዳቸው፤ የሰውየው መክፈት ደግሞ ሰዓቱን አበላሸ።

ሜኑውን እንዴት እንደ አዲስ ሠራነው

መጀመሪያ ዋናውን ስክሪን ቀየርን፤ ባለሁለት መስመሩም በሰፋ ተተክቷል፤ ከታች አነሣዋለሁ። ሰዓቱ በትልቁ ይታያል። ከሥሩ ዕለቱና ቀኑ አለ። ከሁሉም ታች «ቀጣይ ደወል 2፡50» ይላል። ጥበቃው ምንም ሳይነኩ የሚፈልጉትን ያያሉ። ይህ ብቻውን የሜኑውን መከፈት በጣም ቀነሰው።

ቀጥሎ የአጻጻፍ ደንቡን ለወጥን። ሜኑ ውስጥ የሚታየው ሁሉ ረቂቅ ነው። «አስቀምጥ» እስካልተባለ ምንም አይጻፍም። «ተመለስ» ሁልጊዜ አንድ እርከን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ረቂቁንም ይጥላል። ለ30 ሰከንድ ቁልፍ ካልተነካ ስክሪኑ ራሱ ወደ ዋናው ገጽ ይመለሳል፤ አሁንም ሳይጽፍ። እያንዳንዱ መስመር የራሱን ነገር ብቻ ይጽፋል። የደወል ሰሌዳ ሲቀየር ቺፑ አይነካም።

የሰዓት ማስተካከያው ለብቻው ወጣ። ሰዓትና ደቂቃው ተመርጦ «አስቀምጥ» ሲጫኑ ሰከንዱ በዚያው ቅጽበት ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ስልክ ይዘው፣ አንድ ደቂቃ ወደፊት አድርገው፣ ስልኩ ሲደርስ መጫን ብቻ ነው።

የድሮው ኮድ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚሉ ትእዛዞች አንዱ በሌላው ውስጥ የተደራረቡበት ነበር። አንድ መስመር ለመጨመር አምስት ቦታ መንካት ይጠይቃል። አዲሱ ሰንጠረዥ ሆነ። እያንዳንዱ ረድፍ የመስመሩን ስም፣ እናቱን (ከበላዩ ያለውን መስመር) እና ሲመረጥ የሚሠራውን ተግባር ይይዛል። ሰንጠረዡ ፕሮግራሙ በሚቀመጥበት ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ነው የተቀመጠው፤ የቦርዱ አንጎል የሆነው አትሜጋ328ፒ ያለው የሥራ ሜሞሪ (ራም) 2 ኪሎባይት ብቻ ነውና። ዋናው ሜኑ አራት መስመር ነው፦ ሰዓትና ቀን፣ የደወል ሰሌዳ፣ ዝግ ቀን፣ ሙከራ። ከሁለት እርከን በላይ የሚወርድ ነገር የለም።

ያልሠሩልን ነገሮችም ነበሩ። አንዱ ረጅም መጫን ነው። አንዱ ቁልፍ ለአጭር ሲጫን አንድ ነገር፣ ለረጅም ሲጫን ሌላ ነገር እንዲሠራ ሞከርን። ጥበቃው ግን የድሮውን የደወል ማብሪያ እንደለመዱት ጠበቅ አድርገው፣ ቆየት ብለው ነው የሚጫኑት። ለእሳቸው ሁሉም መጫን ረጅም ነው። ተውነው። ረጅም መጫን የቀረው ቁጥር በፍጥነት ለማሳለፍ ብቻ ነው። ሌላው የይለፍ ቁጥር ነው። በአራት ቁልፍ ኮድ ማስገባት ሰውን አሰለቸ፤ የሚረሳውም በዛ። በምትኩ ሳጥኑ ላይ ትንሽ ቁልፍ ተደረገለት፤ መክፈቻው በጥበቃውና በዩኒት ሊደሩ እጅ ነው።

ደወሉ በሚጮህበት ጊዜ ቁልፎቹ የማይሠሩበትንም ምክንያት አገኘን። ፕሮግራሙ ደወሉን አብርቶ አሥር ሰከንድ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አሁን ደወሉን ያበራና መጥፊያውን ጊዜ መዝግቦ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል።

የዘመን አቆጣጠሩ

ደወሉ ያልጮኸበትን ጠዋት ጉዳይ እንይ። የድሮው ማስተካከያ ሰዓት የሚቀበለው በፈረንጆቹ፣ ከ0 እስከ 23 ነበር። በዋዜማው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጥበቃው 2፡00 አስገቡ። ሳጥኑ ሌሊት 8 ሰዓት ነው ብሎ አመነ። ከዚያ በኋላ የሚቆጥረው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ነው። በማግስቱ ጠዋት ለእሱ ገና ሌሊት ነበር። ጥበቃው ያስገቡት ትክክለኛ ሰዓት ነው፤ ሳጥኑ ነው ያልተረዳቸው።

ደንባችን እንዲህ ሆነ፦ ከውስጥ አንድ አቆጣጠር፣ ከፊት የሰው አቆጣጠር። ቺፑ በፈረንጆቹ ቀንና ሰዓት ይቁጠር። ስክሪን ላይ የሚወጣውና ከቁልፍ የሚገባው ግን በእኛ ይሁን። ቺፑ ውስጥ የእኛን ቀን በቀጥታ መጻፍ አይቻልም። የሚያውቀው 12 ወር ነው፤ መስከረምን 1 ብትሉት 31 ቀን ይቆጥርለታል፤ ጳጉሜን የሚያስቀምጥበትም ቦታ የለውም።

ሰዓቱ ቀላል ነው። በፈረንጆቹ ሰዓት ላይ 18 ይደመርና ለ24 ተካፍሎ ቀሪው ይወሰዳል። 8 ሲሆን 26 ይመጣል፤ ቀሪው 2 ነው። ቀሪው ከ12 ካነሰ ቀን ነው፤ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ማታ ወይም ሌሊት ነው። 12 ተቀንሶለት ይጻፋል። የሚረሳው ዜሮ ነው። ንጋት ላይ «0፡30» የሚል ሰው የለም፤ 12፡30 ነው መባል ያለበት።

ቀኑ ነው ሥራ የጠየቀው። በልጆቹ ኮድ ከፈረንጆቹ ቀን ላይ ቋሚ ቁጥር ይቀነስ ነበር። ይህ ለሁለት ወር ይሠራል፤ ከዚያ ይፈርሳል። በተራ ዓመት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጥቅምት 1 ደግሞ በኦክቶበር 11። ኅዳር 1 ግን ኖቬምበር 10 ነው፤ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፤ ነሐሴ 1 ኦገስት 7። ልዩነቱ ይንሸራተታል።

ስለዚህ በቀን ቁጥር ሄድን። ማንኛውም ቀን ከጥንት ጀምሮ በተከታታይ የሚቆጠር አንድ ቁጥር አለው፤ የጁልያን ቀን ቁጥር ይባላል። የፈረንጆቹን ቀን ወደዚህ ቁጥር እንቀይራለን፤ ከቁጥሩ ወደ እኛ ቀን እንመለሳለን። የእኛው አቆጣጠር ለዚህ በጣም ይመቻል። መነሻው፣ ማለትም መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም.፣ 1,724,221 ነው። በዚህ ላይ ያለፉት ዓመታት በ365 ተባዝተው ይደመራሉ። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ሙሉ ቁጥሩ ይጨመራል። ያለፉት ወራት በ30 ተባዝተው፣ በመጨረሻም ያለፉት ቀናት ይገባሉ። የ28 እና የ31 ጣጣ የለም። ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ዓመት፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜው 6 ቀን ነው።

መስከረም 1 ቀን 2016ን እንሞክር። 365 በ2015 ሲባዛ 735,475 ነው። 2016 ለአራት 504። ከመነሻው ጋር ሲደመር 2,460,200 ይመጣል። የሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ቁጥርም ይኸው ነው። ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ልክ ወጣ።

ቦርዱ ላይ ግን የማይታወቅ ቀን ወጣ። ምክንያቱ የቁጥሩ ስፋት ነው። በዚህ ቦርድ ተራው ኢንቲጀር፣ ማለትም የሙሉ ቁጥር መያዣው፣ 16 ቢት ነው፤ ከ32,767 በላይ አይዝም። 735,475 ሲገባበት ሞልቶ ፈሰሰና 14,579 ሆኖ ቀረ። ኔጋቲቭ ቢሆን ኖሮ ዓይን ይስብ ነበር፤ 14,579 ግን ደህና ቁጥር ይመስላል። የሒሳቡን ቁጥሮች በሙሉ ባለ32 ቢት ስናደርጋቸው ተስተካከለ። ላፕቶፕ ላይ ኢንቲጀሩ 32 ቢት ስለሆነ ችግሩ እዚያ አይታይም።

የሐሙሱ ችግር መፍትሔም ከዚሁ ቁጥር ወጣ። ቺፑ የሳምንቱን ዕለት አያሰላም። ሰው የሰጠውን ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር በየእኩለ ሌሊቱ አንድ ይጨምራል እንጂ። አንድ ሰው ቀኑን አስተካክሎ ዕለቱን ረስቷል። አሁን ዕለቱን ማንም አያስገባም። የቀን ቁጥሩ ለ7 ሲካፈል 0 ከተረፈ ሰኞ ነው፤ 4 ከተረፈ ዓርብ። ከላይ ያየነው 2,460,200 ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ያ ቀን በእርግጥም ማክሰኞ ነበር። ከሜኑውም አንድ መስመር ጠፋ።

ቀን ማስገቢያው በዓመት ጀምሮ በወር አልፎ በቀን ያበቃል። ቅደም ተከተሉ ሆነ ተብሎ ነው። ዓመቱና ወሩ ካልታወቁ ጳጉሜ 6 እንዳለ አይታወቅም።

ስክሪኑ

ባለሁለት መስመሩ ኤልሲዲ በተጠቃሚ የሚሣሉ ፊደሎችን የሚቀበለው ስምንት ብቻ ነው፤ እነሱም 5 በ8 ነጥብ። «ጳጉሜ» እንኳን በቅጡ አይነበብም። 128 በ64 ነጥብ ያለው ስክሪን ገጠምን። ሙሉውን ፊደል መጫን ሜሞሪ ይፈጃል። ስለዚህ በወራትና በዕለታት ስም እንዲሁም በሜኑው ውስጥ የሚገቡትን ፊደሎች ብቻ ለየን። 16 በ16 ነጥብ የሆነ አንድ ፊደል 32 ባይት ይወስዳል፤ 60 ፊደል 2 ኪሎባይት አይሞላም። በ32 ኪሎባይት ፍላሽ ላይ ይህ ቀላል ነው። ጥበቃው መነጽር ሳያደርጉ ሲያነቡት ማየት ደስ ይላል።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሄዱ ነገሮች

ቺፕ ከመቀየር በፊት ስህተቱን በሰከንድ ለኩና የክሪስታሉ ድርሻ ስንት ሊሆን እንደሚችል አስሉ። በማይመጣጠን ክፍል ላይ ገንዘብ አታውጡ።

ሜኑ ውስጥ የተቀዳ ሰዓት ያረጃል። ያልተነካ ነገር ተመልሶ አይጻፍ። ይህን ለመፈተሽ ቀላሉ መንገድ ሜኑውን ከፍቶ፣ ቆይቶ፣ ሳይነኩ መውጣት ነው። ማንኛውም የሰዓት መሣሪያ ይህን ፈተና ማለፍ አለበት።

ደወል «ሰዓቱ ከዚህ ጋር እኩል ነው?» ተብሎ ብቻ አይጠየቅ። መብራት በዚያች ደቂቃ ጠፍቶ ሊመጣ ይችላል። እኛ መጨረሻ የተደወለውን እንመዘግባለን፤ ያለፈው ደወል ከሁለት ደቂቃ በታች ከዘገየ ይደወላል፤ ከዚያ ካለፈ ይታለፋል። አንዱ ደወል ሁለቴ አይጮህም።

የቀን ሒሳብን ላፕቶፕ ላይ ሞክሮ መተው አይበቃም። ቦርዱ ራሱ ላይ ቺፑን እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው አስቀምጡና ተመልከቱ። ጳጉሜ 5 በተራ ዓመትም በዘመነ ሉቃስም ይሞከር፤ የፌብሩዋሪ 29 ማግስትም እንዲሁ።

መሣሪያውን በየቀኑ የሚነካውን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ። በዚህ ሥራ ትክክለኛውን ምርመራ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

የቀረው ሥራ

ዝግ ቀናት በሰንጠረዥ ገብተዋል። መስከረም 17፣ ጥር 11፣ የካቲት 23፣ ሚያዝያ 27 አይንቀሳቀሱም። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ከዘመነ ሉቃስ በሚቀጥለው በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ላይ ይውላል። ኮዱ ይህን ያውቃል።

ስቅለት እስካሁን በእጅ ነው የሚገባው። ፋሲካ እሑድ ስለሆነ ለደወሉ ችግር የለውም፤ ስቅለት ግን ዓርብ ነው። ቀኑን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የድምርና የቀሪ ሒሳብ ስለሆነ ለዚህ ቦርድ አይከብደውም። ልጆቹ ወንበሩን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን የሚያወጣውን ክፍል መጻፍ ጀምረዋል። የዒድ በዓላት ግን ጨረቃ ስትታይ ስለሚወሰኑ ቀድሞ ማስላቱ አያዋጣም። ስለዚህ «ዝግ ቀን» የሚለው መስመር ሜኑው ላይ ይቆያል፤ ዩኒት ሊደሩ በዋዜማው ምሽት በሁለት መጫን ነገን የሚዘጉበት አድርገነዋል።